አሳዳጊ የበደለው ማን ነው? የመከባበርና የቅጣት ታሪክ በምዕራብ ደቡብ ወሎ

አማርኛ ባለጌ ልጅን ሲሰድብ «አሳዳጊ የበደለው!» ይላል። ልብ ብሎ ለሰማው ይህ ስድብ ልጁን ተበዳይ ያደርገዋል። ተከሳሹ ያሳደገው ነው፤ አባት፣ እናት፣ ጎረቤት፣ የኔታ፣ ሼኽ፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ይከሰሳሉ።

ዛሬ በከላላ ደጎሎም ሆነ በቦረና መካነ ሰላም፣ በወግዲም ሆነ በለጋምቦ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል። «ልጅ አይሰማም፤ ሽማግሌ አይፈራም፤ ነውር ጠፋ።» ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ሁለት ነው። አንዱ ወገን «ዱላ ቀረና ልጅ ተበላሸ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ድሮ መከባበር አልነበረም፤ የነበረው ፍርሃት ነው» ይላል። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። ያ መከባበር በምን ቆሞ ነበር? መቼስ ተናጋ?

▪️ «ጨዋ» ማለት ማን ነበር?

ከቃሉ እንጀምር። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) «ጨዋ» ማለት በየጠረፉ የሚሰፍር የንጉሥ ጦር ነበር። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ያልተማረ ምእመን «ጨዋ» ይባላል። ዛሬ በሰፈር ቋንቋ ጨዋ ማለት ታላቁን የሚያከብር፣ ድምፁን የማያነሳ፣ ነውር የሚያውቅ ሰው ነው። ወታደር፣ ያልተማረ ሰው፣ ሥርዓት ያለው ሰው፤ ሦስቱንም ያቀፈው አንድ ቃል ነው። የመልካም ጠባይ መጠሪያው ራሱ እንዲህ ከተለዋወጠ፣ መልካም ጠባይ የሚባለው ነገርም ከጥንት እንደነበረ ቆይቶ ትናንት ድንገት የፈረሰ አይደለም ማለት ነው።

▪️ የቤቱ ሥርዓት

ከአብዮቱ በፊት በደጋው ወሎ ገበሬ ቤት ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። አባት ከእርሻ ሲመለስ ልጅ ከተቀመጠበት ይነሳል፤ እግሩን ያጥባል፤ ለእጁ ውሃ ያቀርባል። ትልልቆቹ ሲበሉ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፤ ከእነሱ የተረፈውን ይበላል። አባት «አንቱ» ነው። ታላቅ ወንድም «አያ» እየተባለ ይጠራል። ሽማግሌ በመንገድ ከተገኘ በበቅሎ የተቀመጠ ይወርዳል። ልጅ ሰው ፊት አይናገርም፤ ከተጠየቀም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይመልሳል።

ያጠፋ ቁንጥጫ አለው፤ ከዚያ ልምጭ፣ ከዚያ አለንጋ፣ ሲብስም በበርበሬ መታጠን። ቅጣቱ የወላጅ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት የቀጣው ልጅ እቤቱ ገብቶ ስሞታ ቢያሰማ ሁለተኛ ይገረፋል፤ «እሱ ዘንድ ምን አጥፍተህ ነው?» ይባላል እንጂ «ማን መታህ?» አይባልም። በቄስ ትምህርት ቤት ከየኔታ የሸሸ ልጅ ተይዞ ሲመለስ እግረ ሙቅ የሚገባለት ጊዜ ነበር። በቁርአን ቤትም አለንጋው ከሉሑ ብዙ አይርቅም። ወሎ ከሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ጀምሮ ስሙ የገነነውን የአልቡኮውን ጀማ ንጉሥ የመሰሉ ታላላቅ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የበቀሉበት አገር ነው። በእነዚህ ሐሪማዎች ደረሳው ኪታብ የሚቀራው እንጨት እየለቀመ፣ ውሃ እየቀዳ፣ የሼኹን እርሻ እያረሰ ነበር። ማገልገል የትምህርቱ አካል ነው።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረት የተወለደው ከዚህ ዓለም ነው።

▪️ ሦስቱ ምሰሶዎች

ይሁን እንጂ ያንን ሥርዓት ያቆመው ልምጩ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ልምጭ ለሰባት ዓመት ልጅ ነው። የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ አባቱ ፊት ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ልምጭ ፈርቶ አይደለም። ሦስት ነገሮች ነበሩ።

አንደኛው መሬት ነው። ርስት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ሲሆን፣ በሕይወት ያለ አባት ደግሞ የርስቱ በር ጠባቂ ነው። ልጅ ጥንድ በሬ፣ ጎጆ መውጫ፣ ማረሻ መሬትና ሚስት የሚያገኘው በአባቱ እጅ ነው። ለአባት ያልታዘዘ ልጅ ምንም ሳይመታ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ምርቃትና እርግማን ነው። በወሎ ትልቅ ሰው ኃይሉ አፉ ላይ ነው። ዱአ ሲደረግ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲዞር፣ መራቂው አባት እጁን ዘርግቶ የሚናገረው ቃል ለልጅ እንደ ንብረት የሚቆጠር ነበር። እርግማን ደግሞ ከብት ያመክናል፣ ማህፀን ይዘጋል ተብሎ ይፈራል። ክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን ግዝት ይፈራል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ባለበት በዚህ አገር፣ የአንዱን ሃይማኖት ሽማግሌ የሌላውም ልጅ ይፈራውና ያከብረው ነበር።

ሦስተኛው ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሬሳ መቅበሪያ ብቻ አይደለም። ዳኛ አለው፣ መቀጫ አለው፤ የመጨረሻው ቅጣቱ ማስወጣት ነው። ከቅሬ የተባረረ ሰው ለቅሶው ላይ ሰው አይደርስለትም፤ ጎረቤት እሳት እንኳ አያስጭረውም። ወንጀል ሲሠራና አድራጊው ሲጠፋ ደግሞ አውጫጭኝ ይቀመጣል። አገሩ በሙሉ ይሰበሰባል፤ ያየ ሰው ስሙን ሳይገልጥ «ወፍ ነገረኝ» እያለ ምስጢሩን ያወጣል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ የሚበተን የለም።

ቅሬው ልጅን ብቻ ሳይሆን አባትንም ይቀጣ ነበር። ቀብር የቀረ አባት መቀጫ ይከፍላል። ድንበር የገፋ ሽማግሌ በሌሎች ሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፤ ይክሳል። ታላቅ የሚከበረው እሱም በአደባባይ ስለሚጠየቅ ነበር። ዛሬ ያ ዘመን ሲናፈቅ ይህኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የሥርዓቱ ሸክም እኩል አልተከፋፈለም ነበር። ሳትጠየቅ የምትዳር ልጅ፣ ባል የሚመታት ሚስት፣ በሰው ቤት ያደገ ሎሌ፣ ሁሉም «ያክብሩ» የሚባሉ ነበሩ፤ መከበሩ ግን ወደ እነሱ ብዙም አይመለስም። የተገፋች ሚስት ወደ ወላጆቿ ስትሸሽ ሽማግሌ ተልኮ የሚመልሳት ካሣ አስቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄዋ ግን «ልመለስ ወይስ አልመለስ?» ሳይሆን «በስንት ልመለስ?» የሚል ነበር።

▪️ ሕግ ስለ ልምጩ ምን አለ?

መንግሥት እጁን ወደዚህ ቤት ያስገባው ቀስ በቀስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኖረውን በጽሑፍ አጸናው። በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገው፤ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። በቁጥር 2039 ደግሞ አንድ ሰው ልጁን፣ በሞግዚትነት የያዘውን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በመጠኑ ቢገርፍ በደል እንደማይሆን አስቀመጠ። አባት፣ መምህርና ጌታ ሦስቱም በአንድ አንቀጽ ውስጥ አለንጋ ተሰጣቸው። በዘመናዊ ትምህርት ቤቶችም «ግብረ ገብ» የሚባል ትምህርት ነበር፤ ታላቅን ማክበር፣ ንጉሥን መውደድና ፈጣሪን መፍራት አብረው የሚማሩበት።

ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሕጉ ተገለበጠ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በ1983 ዓ.ም. ተቀበለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ለሴት 15 የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 አነሳ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

ሕገ መንግሥቱ ግን የቤቱን ደፍ አልተሻገረም። «ትምህርት ቤትና ማሳደጊያ» አለ እንጂ «ቤት» አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጅ ላይ የሚፈጸም ጭካኔን በአንቀጽ 576 ሲያስቀጣ፣ በዚያው አንቀጽ «ተገቢ» የሆነ የሥነ ሥርዓት እርምጃን ከቅጣት ውጭ አድርጎታል። ስዊድን በ1979 (እ.ኤ.አ.) የወላጅን ዱላ ጭምር በሕግ በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም በ2019 (እ.ኤ.አ.) ለወላጅ የነበረውን መከላከያ ሽሯል። በኢትዮጵያ ግን ዛሬም መምህር ቢመታ ሕግ ጥሷል፤ አባት ቢመታ «ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ይታያል።

ስለዚህ «ሕጉ ዱላን ስለከለከለ ልጅ ተበላሸ» የሚለው ክርክር ከመነሻው ይወድቃል። ሕጉ የቤቱን ዱላ አልከለከለም። ዱላውም አልቀረም። የወደቀው ሌላ ነገር ነው።

▪️ 1966 እና 1967፦ የመጀመሪያው ምሰሶ

ወሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሌላው ቀድማ የተመታችው በረሃብ ነው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. እልቂት ሰው ብቻ አልገደለም። አባት ማለት የሚያበላ ማለት ነበር። ልጁን ማብላት ያቃተው፣ በሬውን ሸጦ፣ ደጃፉን ዘግቶ ወደ ደሴ መንገድ የወጣ አባት በልጁ ዓይን ውስጥ የነበረውን ስፍራ በከፊል መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ። በ1977 ዓ.ም. ይኸው ሲደገምና ቤተሰብ ለሠፈራ ሲበታተን ቁስሉ ሌላ ቁስል ተጨመረበት።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ፤ ከስልሳ ሺህ ያህል ዘማች ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተሠማራ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ማንም ሰው መሬት የሚያገኘው ከገበሬ ማኅበር እንጂ ከአባቱ አልሆነም። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው በባላባቱ መውደቅ ነው። በቤት ውስጥ ግን የወደቀው የእያንዳንዱ አባት የርስት በር ጠባቂነት ነው። ጎረምሳ ልጅ የማኅበሩን ሊቀመንበር ማሳመን ከቻለ አባቱን የሚለማመጥበት ምክንያት አነሰው።

«ጓድ» የሚለው ጥሪ መጣ። የሽማግሌው ቦታ በፍርድ ሸንጎ ተያዘ፤ ሸንጎው ውስጥ የተቀመጡት ብዙ ጊዜ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ወጣቶች ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ታየ። ልጅ ቆሞ አስተማረ፤ አባት መሬት ላይ ተቀምጦ «ሀ፣ ሁ» አለ። ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጥቅሙን የሚክድ የለም። ግን ዕውቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድበት ዘመን በዚያ መደብ ላይ አበቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸሽ መነገር አለበት። ደርግ ፍርሃትን አላጠፋም፤ ባለቤቱን ቀየረ። አባቱን መፍራት የተወው ልጅ ካድሬውን መፍራት ጀመረ፤ አባቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በየዘመኑ የሚቀያየረው የቀበሌ ሰው ከሽማግሌው በላይ ሆነ። ሽማግሌ የቀበሌን ትእዛዝ እንዲያስፈጽም ሲላክ ደግሞ ምርቃቱም ክብደቱን አጣ።

▪️ የይዞታ ደብተሩና የጅዳ ስልክ

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ጸጥ ብሎ የመጣ ነው። በ1990ዎቹ የአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀምር በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ሰፈረ። የሚስት ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ ከመሬቱ ጋር ተጻፈ። «ሚስት ትታዘዘዋለች» የሚለውን አንቀጽ ከመሻር በላይ ገበሬው ቤት የገባው ይህ ደብተር ነው። ስትፋታ ባዶ እጇን እንደማትወጣ የምታውቅ ሴት ሽማግሌ ፊት የምትናገረው ይለያል።

በዚያው ዘመን ግን የሚከፋፈል መሬት አለቀ። ሽግሽጉ ቆመ፤ ልጁ አደገ፤ አባትም ቀበሌም የሚሰጡት ነገር የላቸውም። ከከላላ፣ ከቦረናና ከአካባቢው ወረዳዎች የተነሱ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ፈለሱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ የጉዳዩ ስፋት ለሁሉም ታየ።

ይህ ስደት በቤት ውስጥ ያለውን ሥልጣን ገለበጠው። የጣሪያውን ቆርቆሮ የገዛችው፣ የወንድሟን የትምህርት ቤት ወጪ የምትከፍለው፣ የአባቷን መድኃኒት የምትልከው በሰው ቤት ወለል የምትወለውል የሃያ ዓመት ልጅ ናት። አባት «አንቺ» እያለ ያናግራታል፤ እሷም «አባባ» ትላለች። ሥርዓቱ በቃል ደረጃ እንዳለ ነው። ውሳኔው ግን ከስልኩ ወዲያ ማዶ ነው። ማን ይዳር፣ በሬው ይሸጥ ወይስ ይቆይ፣ ቤት ደጎሎ ይሠራ ወይስ ደሴ፣ ተብሎ ሲመከር የእሷ ድምፅ ይጠበቃል። በድሮው መመዘኛ ይህች ልጅ ምን ትባላለች? ታዛዥ ናት ወይስ አዛዥ? የመከባበር ቋንቋችን ለእሷ የሚሆን ቃል ገና አላገኘም።

በከተማው ደግሞ ሌላ ለውጥ አለ። ጫት በወሎ ከዱአ ጋር የሚቀመጥ፣ አባት ያለበት፣ ወግና ተራ ያለው ነገር ነበር። ዛሬ ወጣቱ ለብቻው፣ ሽማግሌ በሌለበት ይቅማል። ስልኩም እንዲሁ ነው። ልጅ ከመራቂው አባት ይልቅ የማያውቀውን የቲክቶክ ሰው ሲሰማ ይውላል። ለዚህ ልጁን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው። ነገር ግን ትልልቁም ለብቻው ተቀምጧል። ሁለቱ ትውልድ አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት ካልኖረ፣ አክብሮት የሚተላለፍበት ቦታም አይኖርም።

▪️ ጠመንጃው

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ግብረ ገብን ወደ አንደኛ ደረጃ የመለሰው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ቢመጣም በብዙ ቀበሌዎች የሚያስተምረው መምህርም የሚማረው ልጅም ክፍል ውስጥ አልነበሩም።

ይህ ከዱላና ከስልክ ክርክር ሁሉ የከበደ ነው። ምክንያቱም ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሽማግሌን የሚሰማው ሲፈልግ ብቻ ነው። በወሎ የሽምግልና ክብር የተመሠረተው ሽማግሌ በሁለት ጠበኞች መካከል ያለ ፍርሃት ማለፍ በመቻሉ ላይ ነበር። አባጋሮች ደም ሲያደርቁ የኖሩት በዚህ ዋስትና ነው። መሃል የገባ ሽማግሌ «የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ከተጠየቀ ሽምግልናው በዚያው ቅጽበት ይሞታል። ልጅም ይህን ያያል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አያቱ በመንገድ ላይ ሲዋረዱ እያየ «ታላቅህን አክብር» የሚለውን ምክር ከየት አምጥቶ ያምናል?

▪️ እንግዲህ ምን ቀረ?

ከሦስቱ ምሰሶዎች መሬት ከአባት እጅ ወጥቷል፤ አይመለስም፤ መመለሱም አይመኙትም። ምርቃት ለሚያምን ሁሉ አለ፤ ግን ክብደቱ በመራቂው ሰው ንጽሕና ይለካል። ሦስተኛው፣ ቅሬው፣ ሁሉንም መንግሥት አሳልፎ ቆሟል። ንጉሡ ሲወርዱ ቀብሯል፤ ደርግ ሲወድቅ ቀብሯል፤ ዛሬም ይቀብራል። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ ያስለቅሳል።

እናም የመከባበር ነገር የሚጠገን ከሆነ የሚጀመረው ከአለንጋው ሳይሆን ከቅሬው ነው። የቅሬ ዳኝነት እስካሁን በአብዛኛው የሽማግሌ ወንዶች ነው። ወርሃዊ መዋጮውን ግን የምትከፍለው ጅዳ ያለችው ልጅ ልትሆን ትችላለች። እሷን ወይም እናቷን፣ ሥራ ያጣውን ምሩቅ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን መምህር በስብሰባው ማስቀመጥ ሽማግሌውን አያሳንሰውም። ሚስቱን የሚደበድብ አባል ቀብር እንደቀረ አባል መቀጫ ይክፈል ብሎ መወሰን የውጭ አገር ሐሳብ አይደለም፤ ቅሬው ድሮም የሚያውቀውን ቅጣት ወደ ቤቱ ማስገባት ነው። ልጅ አጥፍቶ ሲገኝም «ማን ይምታው?» ከማለት በፊት «ማን አብሮት ይቀመጥ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

የድሮው ልጅ ዝም ያለው ሁልጊዜ አክብሮ አልነበረም። የዛሬው ልጅም የሚጮኸው ሁልጊዜ ንቆ አይደለም። ድሮ ታላቅ ይከበር የነበረው መሬት ስለነበረው፣ ቃሉ ስለሚፈራና እሱም ስለሚጠየቅ ነው። መሬቱ ሄዷል፤ ፍርሃቱም ወደ ሌላ እጅ ዞሯል። በእጃችን የቀረው መጠየቁ ነው። በአደባባይ የሚጠየቅ ታላቅ ያለበት ቀዬ የሚከበር ታላቅ ያገኛል።

ያን ጊዜ «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ስድብ ወደ ልጁ ሲወረወር፣ አሳዳጊው «አቤት» ብሎ የሚቆምበት ቦታ ይኖረዋል።